ሩፔል፤ ሁለት ጊዜ የተፈተነ የድንበር ምሽግ

ከሶፊያ አጠገብ ካለው ከቪቶሻ ተራራ የሚመነጨው የስትሩማ ወንዝ ምዕራባዊ ቡልጋሪያን ቁልቁል አቋርጦ ወደ ግሪክ ምድር እንደ ገባ፣ በሁለት ተራሮች መካከል በተሰነጠቀ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። ግሪኮች ወንዙን ስትሪሞን፣ ሸለቆውን ደግሞ ሩፔል ብለው ይጠሩታል። ወንዙ ከዚህ ጥበት ከወጣ በኋላ በሰሬስ ሜዳ ላይ ተንጣሎ ይፈስና፣ የሐዋርያት ሥራ አንባቢ አንፊጶል በሚለው ስም በሚያውቃት ጥንታዊት ከተማ አጠገብ ከባሕር ይገባል። ከሰሜን ወደ ተሰሎንቄ ለሚወርድ ነጋዴም ሆነ ሠራዊት ይህ ሸለቆ ዋነኛ በር ነው። በሩን የያዘ ሜዳውን ያዝዛል፤ ሜዳውን የያዘም ወደ ታላቁ ወደብ የሚወስደው መንገድ ይከፈትለታል።

በዚህ በር ላይ የቆመው ምሽግ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። በ1916 ጥቂት የመድፍ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተለቀቀ። በ1941 ግን አራት ቀን ተዋግቶ ሳይሰበር ቆየና በመጨረሻው እንደገና በበላይ ትእዛዝ መሣሪያውን አስቀመጠ። ቦታው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ የመጨረሻው ቃልም አንድ ሆኖ ሳለ፣ የፊተኛው ግሪክን ለሁለት ከፈለ፤ የኋለኛው ደግሞ የሕዝብ መኩሪያ ሆነ። ይህ ልዩነት ከየት እንደ መጣ መመርመር፣ ምሽግ ምን ሊሠራ እንደሚችልና ምን ሊሠራ እንደማይችል ለመረዳት ያግዛል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብሎ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተራራው የቆየ ትምህርት

ከሸለቆው በስተ ምዕራብ ግሪኮች በሌስ፣ ቡልጋሮች በላሲጻ የሚሉት፣ ቁመቱ ከ2,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ እንደ ግድግዳ ተጋርዷል። በዚሁ ተራራ ሥር፣ ከሩፔል እምብዛም በማይርቅ ክሌይዲዮን በተባለ ስፍራ፣ በ1014 የቡልጋሪያው ንጉሥ ሳሙኤል የቢዛንታዩን ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ባስልዮስን ለማገድ መተላለፊያውን በአጥር ዘግተው ነበር። አጥሩ በፊት ለፊት ጥቃት አልተደፈረም። ነገር ግን ኒቂፎሮስ ክሲፊያስ የተባለ የንጉሠ ነገሥቱ የጦር አዛዥ ሰዎቹን ይዞ ተራራውን ዞረና ጠባቂዎቹን በጀርባቸው ወረደባቸው። በዚያን ዕለት የሳሙኤል ጦር ተፈታ። በሺህ የሚቆጠሩ ምርኮኞች ዓይናቸው እንደ ጠፋ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ሳሙኤልም በዚያው ዓመት ሞቱ።

በዚህ ስፍራ የተዘጋ በር የሚወድቀው በፊት ለፊት ኃይል ብዛት ሳይሆን በጎኑ ያለው ተራራ ሳይጠበቅ ሲቀር መሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው። ይህ እውነት ከ927 ዓመታት በኋላ ታንክና አውሮፕላን በታጠቀ ሠራዊት እንደገና ተረጋገጠ።

ያለ ውጊያ የተለቀቀው ምሽግ

ከሁለተኛው የባልካን ጦርነት በኋላ በነሐሴ 1913 በቡካሬስት የተፈረመው ውል ምሥራቅ መቄዶንያን ለግሪክ አጸና። ግሪኮችም ብዙ ሳይቆዩ የሩፔልን በር በምሽግ ዘጉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ግሪክ ወዴት ማዘንበል እንደሚገባት የሚወስን አንድ አሳብ አልነበራትም። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኤሌፍቴሪዮስ ቬኒዜሎስ ከእንግሊዝና ከፈረንሣይ ጎን መሰለፍን ሲሹ፣ የጀርመኑ ቄሣር የእኅት ባል የነበሩት ንጉሥ ቆንስጣንጢኖስ ገለልተኛነትን መረጡ። በጥቅምት 1915 ቬኒዜሎስ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው ወር የእንግሊዝና የፈረንሣይ ጦር በተሰሎንቄ ወደብ ወረደ። ግሪክ ሳትዋጋ የሁለት ተፋላሚዎች መሬት ሆነች።

የጀርመንና የቡልጋሪያ ጦር በግንቦት 26 ቀን 1916 ወደ ሩፔል ሲጠጋ በምሽጉ የነበሩት ግሪኮች መድፍ ተኮሱ። ከአቴና የመጣላቸው ትእዛዝ ግን መከላከሉን ትተው እንዲወጡ የሚያዝ ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ስኩሉዲስ መንግሥት አመክንዮ ይህ ነበር፤ እንግሊዝና ፈረንሣይ በግሪክ መሬት ላይ እንደ ፈቀዱ ሲሰፍሩ ዝም የተባለ ከሆነ፣ ለተቃራኒው ወገንም ተመሳሳይ ነገር መፍቀድ ገለልተኛነትን ማስጠበቅ ነው። ጀርመኖችም ስፍራው ከጦርነቱ በኋላ እንደሚመለስ ቃል ሰጥተዋል። በወረቀት ላይ ሲነበብ አመክንዮው ሚዛን ያለው ይመስላል። በመቄዶንያ ለሚኖረው ሕዝብ ግን ትርጉሙ ሌላ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት በደም የተገኘው በር ለዚያው ባላጋራ ተከፍቷል።

ውጤቱ ፈጥኖ ታየ። በሰኔ መጀመሪያ የፈረንሣዩ ጄኔራል ሳራይ በተሰሎንቄ የጦር ሕግ አወጁ። እንግሊዝና ፈረንሣይ የግሪክ ጦር እንዲበተንና መንግሥቱ እንዲለወጥ ጠየቁ፤ የስኩሉዲስ መንግሥትም ወረደ። በነሐሴ ቡልጋሮች በተከፈተው በር ገብተው ወደ ሰሬስ፣ ወደ ድራማና ወደ ካቫላ ገሰገሱ። በካቫላ የነበረው የግሪክ 4ኛ ኮር ብዙው ክፍል እጁን ሰጥቶ ወደ ጀርመን፣ ጎርሊትዝ ወደምትባል ከተማ ተወሰደ። በዚያው ወር መጨረሻ በተሰሎንቄ የነበሩ መኮንኖች በአቴና መንግሥት ላይ ተነሡ። ጥቂት ቆይቶም ቬኒዜሎስ በዚያች ከተማ ሌላ መንግሥት አቋቋሙ። ግሪክ ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ጦርና ሁለት ታማኝነት ኖራት። ንጉሡ በሰኔ 1917 አገር ለቀው ከሄዱ በኋላ ግሪክ በይፋ ጦርነቱን ብትቀላቀልም፣ የክፍፍሉ ቁስል ለትውልድ ሳይሽር ቆየ። የሩፔል ስም በዚያ ዘመን በተናገሩት ሰዎች አፍ የክህደት ስም ነበር።

የአርማታው መስመር

በ1919 የኔዪ ውል ቡልጋሪያ ግዛት አጣች። ከሩፔል በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለው የስትሩሚጻ ሸለቆ ለአዲሱ የደቡብ ስላቮች መንግሥት፣ ኋላ ዩጎዝላቪያ ለተባለው፣ ተሰጠ። ይህ በካርታ ላይ ሲታይ ትንሽ የሚመስል ለውጥ ለኋላው ታሪክ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ከዚያ ወዲህ የግሪክ መከላከያ የግራ ጎን በሌላ መንግሥት ጥንካሬ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷልና። በ1934 ግሪክ፣ ዩጎዝላቪያ፣ ቱርክና ሩማንያ የባልካን ውል ሲፈራረሙ ይህ ጎን የተጠበቀ መሰለ። የሚያሰጋው የቡልጋሪያ ድንበር ብቻ ነው ተብሎ ታመነ።

በ1936 በዚሁ ድንበር ላይ ከፍተኛ የምሽግ ሥራ ተጀመረ። በዚያው ዓመት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ኢዮአኒስ ሜታክሳስ ሥራውን ስለ ገፉበት መስመሩ በስማቸው ይጠራል። ሜታክሳስ በአንደኛው ጦርነት ጊዜ የንጉሡ ደጋፊ ከነበሩት የጦር ሠፈር መኮንኖች አንዱ ነበሩ። በ1917 ወደ ኮርሲካ ተግዘዋል፤ በ1920ም በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። የሩፔልን መለቀቅ ያስከተለው ፖለቲካ ደጋፊ የነበረ ሰው ስም ሩፔልን ከሁሉ የጸና ምሽግ ባደረገው መስመር ላይ መቀረጹ ከዚህ ታሪክ ምጸቶች አንዱ ነው።

መስመሩ 21 ምሽጎች ነበሩት። አብዛኞቹ ከበሌስ ተራራ እስከ ኔስቶስ ወንዝ ባለው ተራራማ ምድር ላይ የተተከሉ ሲሆኑ፣ ኤኪኖስና ኒምፌያ የተባሉት ሁለቱ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብለው በትራቄ ውስጥ ነበሩ። ሥራው ብዙ ጊዜ ከፈረንሣዩ የማዢኖ መስመር ጋር ይነጻጸራል። ሆኖም ግሪክ እንደ ፈረንሣይ የሚወጣ ገንዘብም ኢንዱስትሪም አልነበራትም። የግሪክ መሐንዲሶች ብልሃት ተራራውን ራሱን የግንባታው ዋና ክፍል ማድረጋቸው ነበር። ዐለቱ ተፈልፍሎ ውስጥ ለውስጥ የሚገናኙ ዋሻዎች ተሠሩ። በሩፔል ብቻ የዋሻዎቹ ርዝመት በኪሎ ሜትሮች ይቆጠራል። ከመሬት በላይ የሚታየው የመትረየስ፣ የሞርታርና የፀረ ታንክ መድፍ መተኮሻ፣ እንዲሁም የመቃኛ ቦታ ብቻ ነበር። እነዚህም በወፍራም አርማታ ተሸፍነው ከአካባቢው ገጽታ ጋር እንዲመሳሰሉ ተደረገ።

ከመሬት በታች የነበረው ክፍል ራሱን የቻለ መንደር ነበር ማለት ይቻላል። የአዛዥ ክፍል፣ የስልክ ማዞሪያ፣ የወታደሮች መኝታ፣ ወጥ ቤት፣ የውኃ ማጠራቀሚያ፣ የጥይትና የስንቅ መጋዘን፣ ቀዶ ሕክምና የሚደረግበት የሕክምና ክፍል፣ የአየር ማናፈሻና የፍሳሽ ማስወገጃ ተዘጋጅቶለት ነበር። ምሽጎቹ ግራና ቀኛቸው ቢከበብም ለብዙ ቀን ብቻቸውን እንዲዋጉ የታሰቡ ነበሩ። ከፊታቸው ታንክ የሚያግድ ጉድጓድ፣ የተተከለ የባቡር ሐዲድ ብረትና የአርማታ ጥርስ ነበር። ይህ ሁሉ በምስጢር ተሠራ።

ሆኖም በዚህ ሥራ ውስጥ የማንም መሐንዲስ ጥፋት ያልሆነ አንድ ጉድለት ነበር። መስመሩ የተተከለው ቡልጋሪያን ፊት ለፊት ለማገድ ነው። በበሌስ ተራራ ላይ፣ የሦስቱ አገሮች ድንበር ከሚገናኝበት ዘንድ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ክፍተት የሚሞላው የዩጎዝላቪያ ወዳጅነት እንጂ አርማታ አልነበረም።

የክረምቱ ክርክር

ፋሺስት ኢጣሊያ ጥቅምት 28 ቀን 1940 ግሪክን ወረረች። ግሪኮች ወራሪውን መልሰው ወደ አልባንያ ምድር ገፉት። ድሉ ግን ዋጋ ጠየቀ፤ የግሪክ ጦር ብዙው ክፍል በአልባንያ በረዶ ውስጥ ተተከለና ለቡልጋሪያ ድንበር የቀረው ጥቂት ሆነ። ሜታክሳስ በጥር 29 ቀን 1941 ሞቱ። መጋቢት 1 ቀን ቡልጋሪያ ከጀርመን ጎን ተሰለፈችና የጀርመን ጦር ዳኑብን ተሻግሮ ወደ ግሪክ ድንበር ወረደ።

ከዚህ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 22 ቀን፣ የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤደንና ጄኔራል ዌቭል በታቶይ ከግሪክ መሪዎች ጋር ተመካክረው ነበር። የእንግሊዞች አሳብ በምሥራቅ መቄዶንያ ያለው ጦር ተስቦ፣ ከተሰሎንቄ በስተ ምዕራብ በአሊያክሞን ወንዝ አጠገብ አጭር መስመር እንዲይዝ ነበር። የግሪክ ጦር አዛዥ ጄኔራል ፓፓጎስ ግን የዩጎዝላቪያ አቋም ሳይታወቅ ይህን ለማድረግ አልወደዱም። ኤደን በመጋቢት መጀመሪያ ሲመለሱ ጦሩ ከስፍራው አልተነቃነቀም። ፓፓጎስም ጊዜው አልፏል፣ በጉዞ ላይ ያለ ጦር ጠላት ቢደርስበት ያልቃል አሉ። ከዚህም በላይ ሕዝቡን ለቡልጋሮች ትቶ መሄድ የሠራዊቱን ልብ ይሰብራል የሚል ሥጋት ነበራቸው።

በዚህ ውሳኔ ላይ የጦር ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በጦር ስልት መዝገብ ሲሰላ የእንግሊዞቹ አሳብ ሚዛን ይደፋል። ይሁን እንጂ የ1916ን ትዝታ የተሸከመ የግሪክ አዛዥ ሩፔልን ሁለተኛ ጊዜ ያለ ተኩስ እንዲለቅ መጠየቅ ምን ማለት እንደ ነበረ ሳይታሰብ ውሳኔው አይፈረድም። በመስመሩ ላይ በሌተና ጄኔራል ባኮፑሎስ ሥር የቀረው ጦር በግምት 70,000 ሰው ነበር። በምሽጎቹ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ክፍል እጅግ የሳሳ ነበር።

አራቱ ቀናት

ሚያዝያ 6 ቀን 1941፣ እሑድ ማለዳ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ በፊልድ ማርሻል ሊስት የሚመራው የጀርመን 12ኛ ጦር ማጥቃት ጀመረ። ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት የተባባሪዎቹ ጦር አዲስ አበባን ከፋሺስቱ እጅ ተረክቧል። ወደ ግሪክ የተላከው የእንግሊዝ ጦርም፣ በምሥራቅ አፍሪካ የሚዋጋውም የበላይ አዛዣቸው ያው ጄኔራል ዌቭል ነበሩ። በአንድ ጀምበር የፋሺዝም ክንፍ በአፍሪካ ቀንድ ሲሰበር፣ በባልካን ደግሞ አዲስ ወረራ ተከፈተ።

በሩፔል ላይ የተሰለፈው በልዩ ልዩ መሣሪያ የተጠናከረው 125ኛው የጀርመን እግረኛ ሬጅመንት ነበር። ቁልቁል እየተወረወሩ ቦምብ የሚጥሉት ሽቱካ አውሮፕላኖችና ከባድ መድፎች ኮረብታውን በአቧራና በጢስ ሸፈኑት። ከዚያ በኋላ እግረኛው ምሽጉ ዝም ብሏል ብሎ ሲጠጋ፣ ያልተነካው መትረየስ ከአርማታው ቀዳዳ ይተኩስበት ጀመር። በሌተና ኮሎኔል ጊዮርጊዮስ ዱራጾስ የሚታዘዙት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ግሪኮች ጥቃቱን ደጋግመው መለሱ። በሚቀጥሉት ቀናትም ቦምቡና ጥቃቱ አልተቋረጠም፤ ምሽጉ ግን አልተደፈረም። የጀርመኑ ሬጅመንት የደረሰበት ጉዳት ከባድ ስለ ነበር ከዚያ በኋላ ከዘመቻው እንዲወጣ ተደረገ።

ሌሎቹ ምሽጎች ሁሉ እንደ ሩፔል አልቀናቸውም። በበሌስ ተራራ ላይ የነበሩት ኢስቲቤይና ኬልካያ ሚያዝያ 7 ቀን ወደቁ። ጀርመኖች ጣሪያቸው ላይ ወጥተው በመተኮሻውና በአየር መግቢያው ቀዳዳ ፈንጂና ጢስ ሰደዱባቸው፤ በውስጥ ያሉት ወታደሮች መተንፈስ ተሳናቸው። በፔሪቶሪ ምሽግ ጀርመኖች ወደ ዋሻው ውስጥ ቢገቡም ግሪኮች በጨለማ ተናንቀው አስወጧቸው። በትራቄ የነበሩት ኒምፌያና ኤኪኖስ ተከበው ወደቁ። በጠቅላላው ግን ከ21ዱ ምሽጎች የሚበልጡት እስከ መጨረሻው ሳይያዙ ቆይተዋል። መስመሩን ያጠቃው የጀርመን 18ኛ ኮር ከ500 በላይ ሰው ሞቶበት ከ2,000 በላይ ቆስሎበታል።

ጦርነቱ የተወሰነው ግን በሩፔል አልነበረም። የጀርመን 6ኛ የተራራ ክፍለ ጦር፣ ማንም አይሻገረውም ተብሎ የታመነውን በበረዶ የተሸፈነ የበሌስ ጫፍ ተሻግሮ በሚያዝያ 7 ቀን ማታ ወደ ተሰሎንቄ ከሚወስደው የባቡር ሐዲድ ደረሰ። ይህም ብቻ አይደለም፤ በመጋቢት 27 ቀን በቤልግራድ የተነሣው መንግሥት ለጀርመን አልገዛም በማለቱ ሂትለር ዩጎዝላቪያንም እንዲወጉ አዝዞ ነበር። የጀርመን 2ኛ የታንክ ክፍለ ጦር በስትሩሚጻ ሸለቆ በኩል ዩጎዝላቪያ ገባ፤ በዚያ የነበረው የዩጎዝላቪያ ጦር ፈጥኖ ተበተነ። ታንኮቹ ወደ ደቡብ ታጥፈው በዶይራን ሐይቅ አጠገብ ወደ ግሪክ ወረዱና ሚያዝያ 9 ቀን ጧት ተሰሎንቄ ገቡ። ኒቂፎሮስ ክሲፊያስ በ1014 ያደረገው ይኸው ነበር፤ በሩን ትቶ ተራራውን መዞር።

መሣሪያ የማስቀመጡ ትእዛዝ

ተሰሎንቄ ስትያዝ በስተ ምሥራቅ ያለው የግሪክ ጦር በሙሉ ከቀሪው አገር ተቆረጠ። ጄኔራል ባኮፑሎስ ከዚያ ወዲያ የሚፈሰው ደም ፍሬ እንደሌለው ተገንዝበው፣ በበላያቸው ፈቃድ፣ በዚያው ዕለት ከ2ኛው የታንክ ክፍለ ጦር አዛዥ ጋር ውሉን ፈረሙ። በኤቭሮስ በኩል የነበረው ብርጌድ ወደ ቱርክ ተሻገረ። አዛዡ ጄኔራል ዚሲስ ግን ጦራቸው መሣሪያውን እንዲያስረክብ መገደዱን ሊሸከሙት ስላልቻሉ በዚያ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ።

የውሉ ወሬ ለሩፔል የደረሰው በጠላት አፍ ነበር። ዱራጾስ የጀርመን መልእክተኛ የነገራቸውን ብቻ አምነው ምሽጉን ለማስረከብ እንቢ አሉ። ከራሳቸው አዛዦች ማረጋገጫ ከመጣላቸው በኋላ ነው ሚያዝያ 10 ቀን ሰዎቻቸውን ይዘው የወጡት። በግሪኮች ዘንድ እንደሚነገረው የጀርመኑ መኮንን ለአዛዡ የአክብሮት ሰላምታ ሰጥቷል፤ የጀርመን ሰንደቅ ዓላማም የተሰቀለው የግሪክ ወታደሮች ከስፍራው ከራቁ በኋላ ነው። ሂትለር ራሱ ግንቦት 4 ቀን በራይሽታግ ባደረገው ንግግር የግሪክን ወታደር ጀግንነት አሞግሷል።

ይህ ምስጋና በመጽሐፍ ውስጥ ደጋግሞ ይጠቀሳል፤ ሆኖም ብዙ ሊታመኑበት አይገባም። ያው መንግሥት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከስትሪሞን በስተ ምሥራቅ ያለውን አብዛኛውን ምድር ቡልጋሪያ እንድትይዝ ሰጠ። በመስከረም 1941 በድራማ አካባቢ የተነሣው ዐመፅ በብርቱ ጭፍጨፋ ታፈነ። በመጋቢት 1943 በዚያ ግዛት ይኖሩ የነበሩ ከ4,000 በላይ አይሁዶች ታፍሰው በቡልጋሪያ በኩል ወደ ትሬብሊንካ የሞት ሠፈር ተላኩ። ለምሽጉ ጠባቂ ሰላምታ የሰጠ እጅ ምሽጉ ሲጠብቀው ለነበረው ሕዝብ አልራራም። የቡልጋሪያ ጦር ስፍራውን ለቅቆ የወጣው በ1944 መኸር ነበር።

የሁለቱ ትእዛዞች ልዩነት

ሁለቱን ዘመኖች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምሽጉ በሁለቱም ጊዜ በጠላት እጅ መግባቱን ያያል። በ1941 የጠበቀው ከተማም በአራተኛው ቀን ተይዟል። በውጤት ብቻ ከተመዘነ ሁለተኛው መከላከል ከመጀመሪያው መልቀቅ የተሻለ ነገር አላስገኘም ማለት ይቻላል። ሕዝብ ግን ሁለቱን በአንድ ሚዛን አልመዘነም፤ መመዘኛውም ስሜት ብቻ አይደለም።

በ1916 ትእዛዙ የመጣው ከውጊያው በፊት ነው። መንግሥቱ ምን እንደሚጠብቅና ከማን ጋር እንደ ቆመ ለራሱ ሕዝብ መንገር ስላልቻለ የራሱን በር ከፈተ። ወታደሩ ሊዋጋ ቆሞ ሳለ ውሳኔ የጠፋው በአቴና ነበር። በ1941 ትእዛዙ የመጣው ከውጊያው በኋላ፣ ሊደረግ የሚቻለው ሁሉ ከተደረገ በኋላ፣ የተረፉትን ሰዎች ሕይወት ለማዳን ነው። ስለዚህ ባኮፑሎስ ውሉን ስለ ፈረሙ፣ ዱራጾስም ስለ ታዘዙ፣ ሩፔል ዳግመኛ የክህደት ስም አልሆነም።

የመሐንዲሱም ሥራ በዚህ ብርሃን ሊታይ ይገባል። አርማታው የተጠየቀውን ሁሉ አድርጓል፤ ከቦምብ ጠብቋል፣ ጥቂቱን ሰው ከብዙ ጠላት ጋር አስተካክሏል። ሊሠራ ያልቻለው ከእርሱ ያልተጠየቀውን ነው። የጎረቤት አገርን ወዳጅነት፣ በአልባንያ የቀረውን ጦር፣ በጊዜው ያልተወሰነውን ውሳኔ አርማታ አይተካም። መሐንዲሱ የሰጠው ጊዜ ነበር፤ በዚያ ጊዜ የሚጠቀምበት ኃይል ከበስተኋላ አልነበረም።

ዛሬ የምሽጉ አንድ ክፍል ለጎብኚዎች ክፍት ነው። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር የግሪክ ሠራዊትና የአካባቢው ሕዝብ በዚያ ተሰብስበው የወደቁትን ያስባሉ። ጎብኚው ከዋሻው ወጥቶ ወደ ሰሜን ቢመለከት ወንዙ የሚወርድበትን ሸለቆ፣ ምሽጉ የተሠራበትን ምክንያት ያያል። ወደ ምዕራብ ፊቱን ሲያዞር ደግሞ በሌስን ያያል፤ በ1014ም ሆነ በ1941 ጠላት የመጣው በዚያ በኩል ነበር።